የቀለም ቀቢው ግራ እጅ

የእኔ ሱቅ ከብሩሽ እስከ ምስማር፣ ከገመድ እስከ ቀለም ድረስ የሕንፃ ሠራተኛ የሚፈልገውን ሁሉ ይይዛል። በዚያ ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ስለነበር፣ አብዛኞቹ ደንበኞቼ ልብሳቸውን ቀለም የነካው ሰዎች ነበሩ። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ መስማት ይቀናኛል። ከሰማሁት ሁሉ ግን እንደዚያን ቀን ጠዋት ጨዋታ ልቤን ያሞቀው የለም።

ሱቁን ከፍቼ መጥረጊያውን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ "ድመቱ" ገቡ። ድመቱ የሚባሉት ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ቀለም ቀቢ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ መወጣጫ ላይ ከአንዱ ጣውላ ወደ ሌላው ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማም።

"ባለሱቁ፣ እንደምን አደርክ? ብሩሽ አምጣ። ቀጭን ይሁን፤ ፀጉሩ የማይበታተን።"

"ጋሼ፣ በዚህ ሳምንት ሦስተኛዎ እኮ ነው። የትናንቱ ምን ሆነ?"

"እሱም ብሩሽ ሆነና! መጥረጊያ ነው የሰጠኸኝ። ዛሬ የምቀባው ግድግዳ መሰለህ? መስመሩን ነው! የሕንፃውን አናት መስመር!" አሉና ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀሰሩ።

ነገሩን ላስረዳ። በሕንፃው አናት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ነጩና ቡናማው ቀለም የሚገናኙበት መስመር አለ። ግድግዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መስመሩ ከተጣመመ ሕንፃው በሙሉ የተጣመመ ይመስላል። ስለዚህ መስመር የሚሰጠው ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ ትልቅ ሰው ነው። ድመቱ በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ብቻ መስመር ተሰጥቷቸው ነበር፤ እሱም ተጣመመባቸው። እስከ ዛሬ ያ ሕንፃ ባለበት መንገድ አያልፉም፤ ዞረው ነው የሚሄዱት። ጥፋቱንም ሁሉ ያላከኩት በብሩሹ ላይ ነበር። አሁን የሥራውን አለቃ ለምነው ለምነው፣ "እሺ፣ መስመሩ የእርስዎ ይሁን" አስብለውታል።

ብሩሾቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸው ላይ እያሻሹ ሲመርጡ አንዲት ወጣት ገባች። ቢጫ ሄልሜት በብብቷ ይዛለች።

"ጤና ይስጥልኝ ወንድም። ጠንካራ ገመድ አለህ? ሠላሳ ሜትር ትቆርጥልኛለህ።"

ድመቱ ቀና አሉ። "ሠላሳ ሜትር? ምን ዓይነት በሬ ልታስሪበት ነው ልጄ?"

"በሬ አይደለም አባባ፤ ሰው ላስርበት ነው።"

"ኧረ የሕግ ያለህ! ፖሊስ ነሽ?"

ሳቀች። "ከፖሊስም የባስኩ ነኝ። ማዶ ባለው ሕንፃ የሠራተኞች ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የሚወጣ ሁሉ ቀበቶ ታጥቆ በገመድ ይታሰራል። ደግሞ አንድ ድመት የሚሉት ሰውዬ አለ አሉ፤ 'እሱን አስረሽ ካሳየሽን ጀግና ነሽ' ብለው አስፈራርተውኛል። ምናልባት ያውቁታል?"

እኔ ሳቄን ደብቄ ገመዱን መለካት ቀጠልኩ።

"በደንብ አውቀዋለሁ" አሉ ድመቱ በእርጋታ። "ክፉ ሰው ነው።"

"እንዴት ነው ክፋቱ?"

"ግትር ነዋ! ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስላጭ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።"

ልጅቷ በሐፍረት አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታ አባባ! ሰውዬ ማለቴ..."

"ግድ የለም፤ እዚያ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጪና እንነጋገር። ለመሆኑ ድመት በገመድ ታስሮ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሚታሰረው በግ ነው። በእኛ ሙያ መወጣጫ ላይ ገመድ የነካ ሰው ስሙ በግ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ 'ባኣኣ!' እያሉ ይጮሁበታል። እኔ ራሴ በስንቱ ላይ ጮኼያለሁ! አሁን በስተርጅናዬ እኔው በግ ልሁን?"

"ስም እንደሚከብድ ይገባኛል አባባ። ግን ከሰባተኛ ፎቅ መውደቅም..."

"እኔ ወድቄ አላውቅም።"

"የወደቀ ሁሉ እኮ ከመውደቁ በፊት ወድቆ አያውቅም ነበር።"

ድመቱ ፈገግ አሉ። "ምላስሽስ ስለት ነው። ትምህርት ቤት ያስተማሩሽ ይኼን ነው?"

"ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ገመድ ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው። ይኼኛው ከራሴ ነው።"

"በይ እንግዲያው እኔም ከራሴ ልንገርሽ" አሉና ብሩሹን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። "እኔ ይኼን ሥራ የጀመርኩት ሌላ አጥቼ ነው። አባቴ ጸሐፊ እንድሆንላቸው ነበር የሚመኙት። በመጀመሪያው ቀን አምስተኛ ፎቅ ወጣሁና ወደ ታች አየሁ። ርግብን ከላይ ሆነሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ የሚያየው ሆዷን ነው። እኔ ጀርባዋን አየሁ! መኪናው የክብሪት ሳጥን አክሏል፤ መሬት ላይ ሲጮህብኝ የነበረው አለቃ ጉንዳን አክሏል። 'በቃ፣ የእኔ ቢሮ ይኼ ነው' አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስጠልቶኝ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ሰኞ ሲመጣ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እኔን የሚጨንቀኝ እሑድ ነው። ነፃ የምሆነው እዚያ ላይ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ እሱን ልታስሪብኝ ገመድ ታስቆርጫለሽ።"

ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ሲናገር መስማት ደስ ይላል። እኔም መቀሱን እንደያዝኩ ረስቼው ነበር። ልጅቷም ንግግራቸውን እንደ ተረት ሰምታ አላለፈችውም፤ ሄልሜቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አሰበችበት።

"አባባ፣ የአለቃውን ትእዛዝ ግን መደበቅ አልችልም" አለች በመጨረሻ። "እስከ አራት ሰዓት ድረስ ቀበቶ ያልታጠቀ ሰው ወደ ላይ አይወጣም። እርስዎ እንቢ ካሉም መስመሩ ለሌላ ይሰጣል ብሎኛል።"

የድመቱ ፊት ተለዋወጠ። "መስመሩ? በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ ተሰጥቶኝ ብሩሹ ያጣመመብኝ፣ አሁን ለምኜ ያገኘሁት መስመር?" አሉ። "ይስጡት!" ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ጀርባቸውን ሳይ አንጀቴን በሉት። ይህን ሥራ ካጡ ሦስተኛ ዕድል እንደማይመጣላቸው ሦስታችንም አውቀናል።

"አንድ ጥያቄ ብቻ አባባ" አለች ልጅቷ ከኋላቸው። "ሲቀቡ ቀኝ እጅዎ ብሩሽ ይይዛል። ግራ እጅዎስ?"

"ግራ እጄማ የመወጣጫውን ቧንቧ ይይዛል።"

"ሁልጊዜ?"

"ካልያዘማ እወድቃለሁ!"

ልጅቷ ብድግ አለች። "ወንድም፣ ትልቅ ካርቶን አለህ? እርሳስና ረጅም ማስመሪያም ስጠኝ።" ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ያዝኩላት። "አባባ፣ እስቲ በግራ እጅዎ መደርደሪያውን ይያዙና፣ እዚያ ላይ እንደሚሆኑት ዘንበል ብለው ከዚህ እስከዚያ ያስምሩልኝ።"

እያጉረመረሙ አሰመሩ። መስመሩ መሐል ላይ ሲደርስ ተወላገደ፤ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ወረደ።

"አሁን መደርደሪያውን ይልቀቁ። በግራ እጅዎ ማስመሪያውን ካርቶኑ ላይ ይጫኑና በቀኝዎ ያስምሩ።"

አሰመሩ። መስመሩ እንደተወጠረ ክር ቀጥ አለ። ድመቱ ሁለቱን መስመሮች እያፈራረቁ አዩ።

"እርሳሱ አንድ ነው፤ ሰውዬውም አንድ ነው" አለች ልጅቷ በቀስታ። "ታዲያ ጥፋቱ የማን ነበር?"

እኔ ዝምተኛው ሳላስበው፣ "የብሩሹ አልነበረም ጋሼ!" ብዬ ጮኽኩ። ብሩሽ ሻጭ ሆኜ ሳለሁ እንዲህ ማለቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

"አባባ፣ እኔ ላስርዎ አልመጣሁም" ስትል ቀጠለች። "እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታስረው ነው የሠሩት። ገመድዎ የገዛ ግራ እጅዎ ነበር።"

ድመቱ ሁለቱን እጆቻቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። ቀኙ በነጭ፣ በቡናማና በሰማያዊ ቀለም ተዥጎርጉሯል። ግራው ንጹሕ ነው፤ አንድ ጠብታ ቀለም የለበትም። መዳፉ ግን ቧንቧ ከመጨበጥ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል።

"በግማሽ ሰውነቴ ነው ለካ የሠራሁት!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ይጠበቃል? ገመዱን ቁረጥ እንጂ!"

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሌሎቹ ስድስት ቀለም ቀቢዎች ድመቱን ቀበቶ ታጥቀው ሲያዩ በመጀመሪያ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ቀጥሎ "ረጅሙ" የሚባለው ቀልደኛ አንገቱን አሰገገና፣ "ባኣኣ!" አለ። የቀሩትም ተቀበሉት። ግቢው የበግ ገበያ መሰለ።

"ጩኹ፣ ጩኹ! ስወርድ እንገናኛለን" አሉ ድመቱ፤ ጆሮአቸው ግን በርበሬ መስሎ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ጣሪያው ላይ ወጥታ ገመዱን ከብረቱ ጋር አሰረች፤ ሁለት ጊዜ ጎትታ ሞከረችው። ድመቱ ከጣሪያው ሥር ጣውላው ላይ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ብሩሹን አነሣ። ግራቸው ግን በለመደችው መንገድ ሄዳ ቧንቧውን ጨበጠች።

"አባባ፣ ይልቀቁት!"

"እኔማ ለቅቄ ነበር፤ እሷ እንቢ አለች እኮ!"

ከታች ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን ከእጃቸው ጋር እየተከራከሩ ጣታቸውን አንድ በአንድ ፈቱ። ሰውነታቸው ወደ ውጭ ዘንበል ሲል ገመዱ ተወጠረና ቀጥ አድርጎ አቆማቸው።

"ያዘኝ!" የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። "ኧረ ያዘኝ ጎበዝ!"

በግራቸው ማስመሪያ የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ግድግዳው ላይ ጫኑ፤ በቀኛቸው ብሩሹን ሳቡት። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ከዚያ አንድ መስኮት ሙሉ። ሲሠሩ እያፏጩ ነበር። "ባኣኣ" የሚለው ድምፅ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። የሁለት ቀን ሥራ ነው የተባለውን የፊት ለፊቱን መስመር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሱት። ባልደረቦቻቸው ከታች ሆነው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠማማ ቦታ ፈለጉ፤ አጡ።

ሲወርዱ ረጅሙ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው፤ "ጋሼ፣ ምን ይመስላል?"

"ሁለት እጅ ይዞ መወለድ ነዋ!" አሉ። "ስማ፣ ርግቧ አልሸሸችኝም፤ ዛሬም ጀርባዋን አየኋት። ነፋሱም ያው ነው። የቀረብኝ ነገር ቢኖር ስጋቱ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ 'አልፈራም' ስል ግማሽ ሐሳቤ የነበረው ግራ እጄ ላይ ነው። ዛሬ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሥራው ላይ ዋለ። በዚያ ላይ ክንዴ አልዛለም፤ ቀለሙ አልተንጠባጠበም፤ አሁን ብትሉኝ ደግሜ እወጣለሁ። ቤት ገብቼ ደግሞ 'ዛሬስ እንዴት ዋልክ' ስባል 'ያለ ስጋት' ብዬ ሳልዋሽ እናገራለሁ። እናንተን በግ እያልኩ ያስፈራራሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በሉ፣ ግራ እጃችሁን ከእስር አስፈቱ!"

ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው አዲስ ነገር ሲመጣበት የሚወደውን ሊነጥቁት የመጡ ይመስለዋል። ስለዚህ አዲሱን ይዞ የሚመጣው "ግዴታ ነው" ብሎ ከመጀመሩ በፊት ያ ሠራተኛ በእጆቹ ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ። ነባሩም "ልማዳችን ነው" ብሎ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ልማዱ ምን ምን እንደከለከለው ይመርምር። ተቆጣጣሪዋ በሕግ ብቻ ብትመጣ ኖሮ ድመቱ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ መስመሩም በሌላ ሰው እጅ ይሠራ ነበር።

ነገር ግን ምክሬን ለራሴ እንኳ ተናግሬ ሳልጨርስ ግቢው ውስጥ ጠብ ተነሣ። የቀሩት ቀበቶዎች አራት ናቸው፤ ቀለም ቀቢዎቹ ስድስት። ረጅሙ አንዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ "የእኔ ነው!" ይላል፤ ሌላው ጫፉን ይዞ ይጎትታል፤ ሁለቱ "የሕንፃው የኋላ መስመር የእኔ ነው፣ የለም የእኔ ነው" እያሉ ይገፋፋሉ። ጠዋት እንዴት አድርጌ አስራቸዋለሁ እያለች ስትጨነቅ የነበረችው ልጅ አሁን ሳቋ እያሸነፋት ሰልፍ ታስይዛቸዋለች።

ድመቱ ግን ሰልፍ አልያዙም። ምሳቸውን ቆመው በልተው፣ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ፣ የምሥራቁን ጎን መስመር ሊጀምሩ ሦስተኛው ፎቅ ደርሰው ነበር።