የጋሽ ዱካሞ ጣት

ክቡር ዶክተር ይገዙ፣ የመጽሔታችን ዋና አዘጋጅ፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

የእሑድ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ከዮቪል፣ አንዳንዶቻችሁ ከፕሪቶሪያ፣ እዚህ ጀፕስታውን ድረስ ለስንብቴ ስለመጣችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ምግቡን ያዘጋጀችልንን ራውዳንም አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የመጽሔቱን ገጾች ስታቀናብር አንድም ጽሑፍ ከቦታው አልተረፈባትም፤ ዛሬ ግን ጠረጴዛው ለሳህኖቿ አልበቃም።

ዶክተር ይገዙ ሲያወድሱኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ትሕትና የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እፍረት ነው።

አሁን በመስታወት አስገብታችሁ የሸለማችሁኝን ሥዕል የሣልሁት እኔ ነኝ። በሚያዝያው ዕትም «ማን ነው?» በተሰኘው ገጽ ወጥቷል። ገጹን ለማታውቁ እንግዶቻችን ልንገራችሁ፤ በየወሩ ከማኅበረሰባችን አንድ ሰው ስሙ ሳይጠቀስ በቀልድ ይሣላል፤ አንባቢ እየደወለ ይገምታል፤ ቀድሞ ያወቀ ኤርታይም፣ የስልክ ሒሳብ፣ ይሸለማል። በሚያዝያ ራውዳ «ዮአዳን፣ ስልኩ ሊቃጠል ነው!» ብላኝ ነበር። የደዋዩ ሁሉ መልስ አንድ ነበር፦ «ዱካሞ ነው! በጣቱ አወቅነው!»

ጋሽ ዱካሞ በክሊፕታውን ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት በማስተምርበት የጎልማሶች የንባብ ክፍል፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ሲያነቡ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር ሌባ ጣታቸውን ያስኬዳሉ። እኔ ያንን ጣት እንደ ዋርካ ግንድ አገዘፍሁት፤ እርሳቸውን ከኋላው እንደ ጉንዳን አሳነስኋቸው።

ይህን ከማን ተማርሁ? በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ውስጥ ስለነበረው የካርቱን ሠዓሊ፣ ስለ ጆሳያ ዊክሎ፣ ስድስት ወር በተከታታይ መጻፌን ታውቃላችሁ። የመዳብ ቀራጭ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት በአንድ ሳምንታዊ የቀልድ ጋዜጣ ሠርቷል። በችሎት ያንቀላፋ ዳኛ ዊግ ላይ እርግብ ያስፈለፍላል፤ የሚኒስትሩን ራስ ሐብሐብ፣ እግሮቹን የክብሪት እንጨት ያደርጋል። ዘዴው ምን ነበር? በግብዣ ላይ ከጠረጴዛ ሥር እርሳስ ይዞ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ላይ መንደፍ ነው። ይህን በአድናቆት ጻፍሁ። ከዚያም በክፍሌ ውስጥ፣ ጋሽ ዱካሞ እያነበቡ፣ የተማሪዎች ስም መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ ነደፍኋቸው።

ያልጻፍሁትን ደግሞ ልናዘዝ። ዊክሎ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች አፍንጫ ቀልዶ ነበር፤ ሰውየው ከተማውን ለቆ ሄደ። ሠዓሊው በስተርጅናው ለእኅቱ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሳቁ የአንድ ሳምንት ነበር፤ አፍንጫው ግን የዕድሜ ልኩ ነው።» ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፤ በቀይ አስምሬበታለሁ። ለምን አስቀረሁት? ዶክተር የሠዓሊው እርጅና ለምን እንደቀረ ሲጠይቁኝ «ገጽ አልበቃኝም» አልሁ። ዋሸሁ። የማደንቀው ሰው በአንባቢ ፊት እንዳያንስብኝ ፈርቼ ነው። ዘጋቢያችን አልአዛር «አንቺ እኮ የመቃብርሽን ጽሑፍ ለማረም ከሞት ትነሺያለሽ» የሚለኝ እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት!

ጋሽ ዱካሞ ከክፍል በቀሩ በሦስተኛው ሳምንት ክሊፕታውን ሄድሁ። በብረት ፍርግርጉ አዩኝና፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ «ዳቦ ነው ወተት?» አሉኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ ጋሽ ዱካሞ።»

«ስትስዪው ሳቅሽ?»

«አዎ። ሳቅሁ።»

«እኔ ደግሞ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ መምህርት። መጽሔቱን ገለጥኩ፤ ከላይ ‹ማን ነው› ይላል። ማንም ሳይነግረኝ አነበብኩት! ሚስቴን ‹ነይ፣ ላንብብልሽ› ብዬ ጠራኋት። እሷ ሥዕሉን አየች፤ ገጹን ልትከድነው እጇን ዘረጋች። ከዚያ እኔም አየሁ።»

አንዲት አሮጊት መጡ። ጋሽ ዱካሞ በዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና፣ ጎጎ!» ብለው፣ እየሳቁ ዳቦ ሰጥተው ሸኟቸው። ወደ እኔ ሲመለሱ ሳቁ አልነበረም።

«ቅዳሜ ይመለሳሉ?» አልኋቸው።

«ጣቴን ኪሴ ከትቼ ማንበብ ስችል» አሉ። ቀጥለውም፣ «በይ ጌታ ይባርክሽ፤ ሳይመሽ ሂጂ፣ ታክሲ ያልቅብሻል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኬፕታውን የምሄደው ለትምህርት ነው ብያችኋለሁ፤ እውነት ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ወንበር ማየት ስላቃተኝም ነው። ይህን ደብቄ ብሄድ፣ ሁለተኛ ደብዳቤ አስቀረሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ። የመጽሔቱ የዐሥረኛ ዓመት መድበል ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሽፋኑ ይህ ሥዕል ነው። ስጦታችሁን በፍቅር እንደሰጣችሁኝ አውቃለሁ፤ ግን የእኔ ስላልሆነ አልወስደውም። ሽፋኑም እንዳይታተም እለምናለሁ።

አልአዛር፣ ሰምቼሃለሁ፤ «አልቋል እኮ» አልህ። ራውዳ፣ ሌላ ሽፋን ለመሥራት ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? «ሁለት ሰዓት» አለች፤ ሁላችሁም ሰማችሁ። ዶክተር፣ ከመድረክ ላይ ሆኜ ስጠይቅዎ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማተሚያ ቤቱ ነገ ነው። ምን ይላሉ?

«አይታተምም» ብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዶክተር፣ የዊክሎን ደብዳቤ ተርጉሜ፣ በስሜ ከተፈረመ እርማት ጋር በጠረጴዛዎ ላይ ትቻለሁ። ይህ ጋሽ ዱካሞን ወደ ክፍል እንደማይመልሳቸው አውቃለሁ። ኤርጎጌ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ክፍሉን የምትረከቢው አንቺ ነሽ። ምናልባት ከመጡ፣ ሲያነቡ እጃቸውን ሳይሆን የሚያነቡትን ተከታተዪላቸው።

ለሁላችሁም፦ ሱቃችሁን ከዘራፊ፣ ልጆቻችሁን ከክፉ ይጠብቅላችሁ። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ሳትጉላሉ ይታደስላችሁ። የጻፋችሁት ከፊታችሁ ሲነበብ ቀና ብላችሁ የምትሰሙት ይሁን። ቀልዳችሁም የተቀለደበት ሰው ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ የሚያነብላት ይሁን።

አሜን በሉልኝ።