ኦክስጅኑ የት ገባ?

ከሆስፒታሉ በር ወደ ኒውላንድ ሰፈር በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለልጄ ዛሬ ኦክስጅኑን ነቀሉላት!» አለች ለሁላችንም። «የሳንባ ምች ነበረባት። አሁን በራሷ ትተነፍሳለች!»

«እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች በወዲያ በኩል ያለችው ሴት።

«ግን እህቴ፣ ያ ሁሉ ኦክስጅን የት ሄደ? ነርሱን ጠየቅኩት፣ ሳቀ።»

«እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ልንገርሽ!» አለች ሴትየዋ። « ከሳንባዋ በደሟ አድርጎ ወደ ሴሎቿ ገባ። ሴሎቿ የጠባችውን ወተት ወደ ጉልበት ሲለውጡት፣ ኦክስጅኑ መጨረሻ ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ይገናኝና ውሃ ይሆናል።»

«ውሃ? እንደ ባሮ ወንዝ ውሃ?»

«ራሱ ውሃ! ከሰውነቷ ውሃ ጋር ይቀላቀላል።»

ባጃጇ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ሕፃኗ ነቅታ በኃይል አለቀሰች።

«ታዲያ ይሄ እንባዋ?»

«ከዚያ ኦክስጅን የመጣም ይኖርበታል!»

«ኧረ እዩ! ባለፈው ሳምንት እኮ ለማልቀስ አቅም አልነበራትም!» እናትየው ሳቀች። «አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ!»

ኒውላንድ ደርሼ ስወርድም ዓይኔ ከሕፃኗ ጉንጭ ላይ አልነቀል አለኝ።