ማን ነው ያሳወረሽ

በእኛ ጊዜ ካርቱም የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው «ያላ»፣ እንሂድ የምትለዋን ዐረብኛ ነው፤ እኔ ግን፣ አትሳቁ፣ ግሪክኛ ተማርኩ። ግሪክኛ ስላችሁ አንድ ቃል ናት፤ አንዷ ግን በቅታኛለች።

ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ሲት ኤሌኒ የሚሏት አሮጊት ግሪክ ቤት እሠራ ነበር። እዚያው ካርቱም ተወልዳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቋንቋ ስታስተምር ኖራ፣ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የቀረች ናት። የማድረው ጀሪፍ ነው፣ ከዘይነባ ጋር። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ እስላም ናት፣ እንደኔው ሰው ቤት ትሠራለች፣ እና ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። ታዲያ ዐይኔ መድከም ጀመረ፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋ፣ ቀጥሎ መሐሉ፣ ሐኪሙም «ነርቩ ሞቷል፣ አይመለስም» አለኝ። እና ጠዋት ጠዋት እጄን ይዛ ሐፍላ የሚሉት አውቶቡስ ላይ የምታሳፍረኝ፣ አውርዳ ዐማራት በር ላይ የምታደርሰኝ ማን ናት? ዘይነባ ናት። ሲት ኤሌኒም አላባረረችኝም። «እጅሽ ቤቱን ያውቀዋል» አለችኝ።

ታዲያ ወር በወር የማርያም ማኅበር አለን። ሰብሳቢያችን ጋሽ ፈለቀ ነው፤ መጽሐፍ ያነባል፣ ድምፁ ያስፈራል፣ ሁላችንም እናከብረዋለን። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ምን አለኝ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ «በላይነሽ፣ መጽሐፍ ዐይናቸውን አሳወረ ይላል። አንቺንም ያሳወረሽ እግዚአብሔር ነው። ከእስላም ጋር አንድ ገበታ እየበላሽ፣ ምን ጠብቀሽ ነበር? አስወጫት።»

«እሷን አስወጥቼ በማን ልሂድ?»

«በእምነትሽ።»

ዘይነባ ይህን ሰምታ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። «በእኔ የተነሳ ከወገንሽ አትጣዪ እትዬ፣ ኦምዱርማን ጓደኛ አለችኝ» ትላለች። «የሚቀጥለው ማኅበር እስኪደርስ ቆዪ» ብዬ ለመንኳት።

በማግሥቱ ሳህን እያጠብኩ አለቀስኩ። «ማሊክ?» አለች ሲት ኤሌኒ፣ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው፤ በዐረብኛ ነው የምንነጋገረው። ሁሉንም ነገርኳት። ወንበር ስትጎትት፣ መጽሐፍ ስትገልጥ ሰማሁ፤ እና ደግሞ ማስተማሯ ተነሣባት።

«ቃሉ በግሪክኛ ቲፍሎኦ ነው» አለችኝ። «ማሳወር ማለት ነው። አዲስ ኪዳን ውስጥ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ በሦስቱም ቦታ ዐይኑን የታመመ ሰው የለም። አላይም ስላለ ልብ ነው የሚናገረው።»

«ዐይኑን የታመመውስ?»

«እሱ ቲፍሎስ ነው፣ ዕውር። ጌታ ሲያገኘው ያድነዋል እንጂ አይከሰውም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው እንኳ፣ ማን በድሎ ነው ብለው ሲጠይቁት፣ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም ነው ያለው። አሁን ሦስተኛውን ቦታ ስሚ፤ ወንድሙን የሚጠላ በጨለማ ይሄዳል፣ ጨለማውም ዐይኑን አሳውሮታል። አሳወረ፣ ኤቲፍሎሴን። በይ ድገሚው።»

ኤቲፍሎሴን፣ ኤቲፍሎሴን፣ ወር ሙሉ ወለል ስወለውል አልኩት።

ታዲያ ማኅበሩ ደረሰ፣ እና ዘይነባን እጇን ይዤ ገባሁ።

«ይህቺን ለምን አመጣሻት?» አለ ጋሽ ፈለቀ።

«መንገድ የምታሳየኝ እሷ ናት። ጋሽ ፈለቀ፣ ያነበብክብኝ ቃል በግሪክኛው ሦስት ቦታ አለ፤ አንዱ ወንድሙን ስለሚጠላ ሰው ነው። ያንን ለምን አላነበብክልንም?»

«ግሪክኛ ደግሞ ከየት አመጣሽ?»

«ከሥራ ቤቴ።» ሰው ሳቀ።

«እና እስላም እኅትሽ ናት?»

«ስወድቅ የምታነሳኝ ምኔ ናት ታዲያ?»

«እሷን ወይ ማኅበሩን፣ ምረጪ» አለኝ። «መርጬ ነው የመጣሁት» አልኩትና ወጣሁ።

በሩ ላይ ከኋላዬ ጫማ የሚፈልግ ሰው ሰማሁ። አንዲት ናት ስል ሁለት፣ ሁለት ናቸው ስል አራት ሴቶች ተከትለውኛል። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩን እኛ ክፍል ጠጣን፣ ሽሮውን ዘይነባ ሠራችው፣ ሥጋ የለበት ምን ያጣላናል?

ዐይኔማ አልበራም፤ ያን አትጠብቁ። ነርቩ ነው የሞተው፣ ማንም አላሳወረኝም፤ አሁንም የሚለኝ ካለ ፊት ለፊቴ ይምጣና ይበለኝ።

ምን አልሽ አንቺ? ጋሽ ፈለቀ? «ለግሪክኛሽ መልስ አለኝ» ብሎ ላከብኝ። «ይምጣ» አልኩ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን መልሱን እያዘጋጀ ነው፣ ሃ ሃ።