አዲሱ ለክፉ ቀን

ነጻነት በመጣ በዓመቱ ግድም ነው። ከጥራቮሎ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንት ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለተመለሰች ሴት በአማርኛ ሲያማርሩ ሰማሁ።

«ማኪና እያለኝ በታክሲ የምንከራተተው በልጄ ምክንያት ነው፣ ጓለይ።»

«ወሰደብዎት እንዴ፣ አቦይ?»

«ምነው በወሰደው። የመሪው መጋጠሚያዎች አልቀው ማኪናው አልታዘዝ አለኝ። አዲስ መጋጠሚያ ገዛሁ። ልጄ ሜዳ ሳለ የታጋዮች መካኒክ ነበር፤ እኔ እዚሁ ግቢ እቀይርልሃለሁ አለ።»

«ታዲያ አቃተው?»

«ምን ያቅተዋል። ቀኑን ሙሉ ማኪናው ሥር ተኝቶ ዋለ። በነጋታው ስነዳው፣ ዓዲ ኣበይቶ መታጠፊያ ላይ አህያ ልገጭ ለጥቂት ተረፍኩ።»

«በአዲስ ዕቃ?»

«አዲሱን መቼ ገጠመው። ያለቀውን ከጎማ በቆረጠው ላስቲክ ጠቅጥቆ መለሰው። አዲሱ በግራሶ ተለውሶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ተቀምጧል።»

«ጋራዥ ቢወስዱትስ?»

«ልጄ ይከፋዋል። ከዚያ ሁሉ ጦርነት በሕይወት የመጣልኝን ልጅ እንዴት ላስከፋው?»

«አዲሱን ግን ለምን አስቀመጠው?»

«ለክፉ ቀን ነው ይላል።»

«ክፉ ቀንማ አለፈ፣ አቦይ።»

«እወ፣ እኔም እንዲያ አልኩት። ‹ማን ነገረህ?› አለኝና እጁን ሊታጠብ ሄደ።»

ባለፈው ፋሲካ የገዛሁት ጫማ እስካሁን ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ እንዳለ ትዝ አለኝና፣ ያደረግሁትን የተሰፋ ጫማ ቀስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ሸሸግሁት።