ጓ የሚለው ከየት ነው

(ደሴ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ጋራዥ፣ ከቀትር በኋላ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የምትነዳው ሉባባ፣ የመኪናዋን የፊት ሾክና ሞላ በአዲስ ከቀየሩላት ሽማግሌ መካኒክ ከጋሽ ይመር ጋር ተፋጥጣለች።)

ሉባባ፦ ቁልፉ መኪናዋ ላይ ነው፤ እዚያው ይቆይ። እኔ ከዚህ በኋላ በዚህች መኪና ሰው አልጭንም። ወይ የገጠሙትን ፈተው የድሮውን ይመልሱልኝ፣ ወይ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ይንገሩኝ።

ጋሽ ይመር፦ የድሮው ሾክ ዘይቱ ፈስሶ አልቆ እንደ ሰከረ ሰው ሲያንገላታሽ ነበር። እሱን መልሱልኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ።

ሉባባ፦ ያንገላታኝ ነበር እንጂ አይጮህብኝም ነበር። አሁን ጉድጓድ በነካሁ ቁጥር ከፊት፣ ከስር፣ ጓ ይላል። ብረት በብረት የሚመታ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ይመር፦ አዲስ ጫማም የመጀመሪያ ሰሞን ይጮሃል። እግር እስኪለምድ ነው።

ሉባባ፦ ባለፈውም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ጫማ ቢጮህ ሰው ዞሮ ያየኛል እንጂ ገደል አይከተኝም፣ ጋሼ።

ጋሽ ይመር፦ ማን ገደል ገባ?

ሉባባ፦ ልነግርዎ አይደል የመጣሁት። ዛሬ ጠዋት ሞልቼ ሐረጎን ቁልቁል ስወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ያዝ ባደርግ መኪናዋ ከስሬ የተሰበረች ነው የመሰለኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ሸሃዳ መያዝ ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ አውርጂን አለ፣ ሌላው ተከተለው። ዳር ይዤ ቆምኩ። አንድም ሳይቀር ወረዱ። መንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ሌላ መኪና ሲጠብቁ እኔ መሪዬን ጨብጬ አያቸዋለሁ።

ጋሽ ይመር፦ በሰላም ደረስሽ አይደል።

ሉባባ፦ ባዶዬን። ኮምቦልቻ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ተራ አስከባሪው መኪናሽ ሳትሠራ ተራ እንዳትገቢ አለኝ። እሱ እውነቱን ነው፣ አልተቀየምኩትም። ያንገበገበኝ የሾፌሮቹ ነው። ድሮም ብለን ነበር፣ ሴት የያዘችው መኪና መጨረሻው ይኸው ነው እየተባባሉ ሻይ ይጠጣሉ። ስንት ዘመን የሚይዙብኝ ነገር ሲፈልጉ ኖረው በእርስዎ እጅ አገኙት።

ጋሽ ይመር፦ በእኔ እጅ አትበይ። ዕቃውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ዓይነት አይደለም፣ ጠንከር ይላል ብዬሻለሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሉባባ፦ ብለውኛል። አገላብጠው አይተው፣ ልኩ ነው፣ ይገባል ያሉትም እርስዎ ነዎት። ልኩ ካልሆነ ለምን ገጠሙት?

ጋሽ ይመር፦ ልኩ ነው። ገጥሜም ነድቻታለሁ፣ ያውም አንቺን አጠገቤ አስቀምጬ።

ሉባባ፦ እንቅልፍ የነሳኝ እኮ እሱ ነው። በዚያ ኮረኮንች ስንሄድ ምቱ በእግሬ ጫማ ገብቶ አናቴ ይደርስ ነበር። እርስዎ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ አየሽ ጸጥ አለች አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መሰለኝ።

ጋሽ ይመር፦ መኪና ስፈታ ስገጥም ያረጀሁ ሰው ነኝ። በደንበኛ አላሾፍም።

ሉባባ፦ ታዲያ የምዋሸው እኔ ነኝ? ወይስ እኒያ ሸሃዳ የያዙት እናት ናቸው?

ጋሽ ይመር፦ እሺ። መቼ መቼ ነው የሚለው? ፍሬን ስትይዢ ነው፣ መሪ ስትጠመዝዢ ነው፣ ወይስ ጉድጓድ ስትገቢ?

ሉባባ፦ ጉድጓድ ላይ ሁልጊዜ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ፍሬን ስይዝም ይላል። ይዩት፣ በዚህ፣ በቀኝ በኩል ነው።

ጋሽ ይመር፦ የግራውን ባለፈው ስትመጪ አጥብቄዋለሁ።

ሉባባ፦ በቀኝ ነው ያልኩት።

ጋሽ ይመር፦ ወደ መኪናዋ ዞረሽ ምን ታንሾካሹኪያለሽ? የምታወሪው ከእኔ ጋር ከሆነ ወደ እኔ ዞረሽ አውሪ።

ሉባባ፦ እየጮህኩ ነው ያለሁት እኮ። ማዶ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ እንኳ ሥራውን ትቶ እያየኝ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ይየን። እዚህ ግቢ ውስጥ እኔ ላይ የጮኸ ሰው የለም። መንጃ ፈቃድ ባወጣሽ ሰሞን ባለ መኪናው ሁሉ ቁልፍ አልሰጥም ሲልሽ፣ የራሴን አውጥቼ ንጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ረሳሽው?

ሉባባ፦ ብረሳውማ ሌላ ጋራዥ ሄጄ ነበር። ይመር ድሮ ቀረ፣ አሁን ስለ ፍሬን ሲያወሩት ስለ ካምቢዮ ይመልሳል ሲሉ፣ ስለ እርስዎ ከሰው የተጣላሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር፦ ማን ነው እንዲህ ያለ?

ሉባባ፦ የማይል ማን አለ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ተረትሽን ለሾፌሮችሽ ያዢላቸው። ነገር በቃ። ግቢና ሞተሯን አስነሺ። አጠገቧ ቆሜ ላድምጣት፤ ያለባትን እነግርሻለሁ።

ሉባባ፦ ምን አሉ?

ጋሽ ይመር፦ አስነሻት እኮ ነው የምልሽ። ምን ታፈጪብኛለሽ?

ሉባባ፦ ጋሼ፣ ሞተሯ ተነሥታለች። ከገባሁ ጀምሮ አላጠፋኋትም።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ፣ እጄን ኮፈኗ ላይ ላድርግ።

ሉባባ፦ አይሰሙም።

ጋሽ ይመር፦ እሰማለሁ። ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቶ ጆሮዬን ደፈን አድርጎት ነው።

ሉባባ፦ በጉንፋን የናፍጣ ሞተር ይጠፋል? ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጋሽ ይመር፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ሉባባ፦ ድምፄን እንደ ጨመርኩ በምን አወቁ?

ጋሽ ይመር፦ የአንገትሽ ሥር ተገትሯል።

ሉባባ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልኩዎ?

ጋሽ ይመር፦ ከክረምቱ መግቢያ። የጭነት መኪና ጎማ ስነፋ አጠገቤ ፈነዳ። ያን ለት የቀረኝ ፉጨት ብቻ ነበር። ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። ፉጨቱ ሲያልፍ የቀረውንም ይዞት ሄደ። አሁን ሰው ቀርቦ ሲጮህ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ይመጣልኛል፤ ሌላውን ከአፉ ላይ እለቅማለሁ። ባለቤቴ ታውቃለች። ከእሷ በቀር የነገርኩት የለም።

ሉባባ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጋሽ ይመር፦ ሳልደብቀውም አልተገኘለትም። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ እሱን ለማየት ጆሮ አያሻም። ለደንቆሮ መካኒክ መኪናውን የሚሰጥ ማን ነው? ሰው እዚህ የሚመጣው ለጆሮዬ ነበር። ገና ከበሩ ሲገቡ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ሕመሟን እነግራቸው ነበር። ያ ከቀረ እዚህ ምን ሆኜ ነው የምቆመው?

ሉባባ፦ አዝናለሁ፤ ግን ዛሬ አይደለም። ዛሬ ተናድጃለሁ። ባለመስማትዎ አይደለም። ሳይሰሙ ሰማሁ ብለው፣ ደህና ናት ብለው ስለ ሸኙኝ ነው። እኔ እርስዎን አምኜ የገዛ ጆሮዬን ካድኩ። ጋሼ አይሳሳቱም፣ ጥፋቱ የእኔ ፍርሃት ነው ብዬ ሰው ጫንኩ።

ጋሽ ይመር፦ በቃሽ።

ሉባባ፦ አልበቃኝም። እኒያ እናት አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆቻቸው ፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ፣ እርስዎ አይደሉም።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲያው ሂጂ። ተራው መሀል ቁሚና ይመር ደንቁሯል በያቸው። ስምሽ ይነጻልሻል፣ መኪናሽም በሌላ እጅ ትሠራለች። ምን ያቆምሻል?

ሉባባ፦ እሱ አይቸግረኝም። መጀመሪያ ግን ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ከዚህ አልወጣም። ይምጡ፣ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ይበሉ።

ጋሽ ይመር፦ ቁጢጥ ብዬ ምን ልሰማ?

ሉባባ፦ መስማቱን ለእኔ ይተዉት። ሞተሩን አጠፋለሁ። የፊት ጥጓን እየተጫንኩ አወዛውዛታለሁ፤ እርስዎ እጅዎን ከጎማው በላይ አስገብተው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይያዙ። ጓ ባለ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። ፊቴን እያዩ።

ጋሽ ይመር፦ ከግራው ልጀምር።

ሉባባ፦ ከቀኙ። ከቅድም ጀምሮ ከቀኙ ነው የምለው።

ጋሽ ይመር፦ እሺ፣ ከቀኙ። ተጫኚ። ሞላውን ይዣለሁ። ድገሚ። ነቀነቅሽ፣ አየሁ፣ እዚህ ግን ምንም የለም። ሞላው ደህና ተቀምጧል። ቆይ፣ ወደ ላይ ልውጣ። ተጫኚ። በርታ አድርጊው።

ሉባባ፦ አሁን አለ። አሁንም። አገኙት?

ጋሽ ይመር፦ አትናገሪ፣ ተጫኚ ብቻ። አንዴ ደግሞ። አዎ። ያዝኩት።

ሉባባ፦ ምንድን ነው?

ጋሽ ይመር፦ የሾኩ አናት። ከላይ የሚይዘው ብሎን ላልቷል። በተጫንሽ ቁጥር አናቱ ይነሣና ተመልሶ ብረቱን ይመታዋል፤ ጣቴን እየደበደበኝ ነው። ዕቃሽ ምንም አልሆነ። ጥፋቱ ከአስተሳሰሩ ነው። መኪናዋ በክሪክ እንደ ተነሣች፣ ጎማው እንደ ተንጠለጠለ ነው ያሰርኩት። መሬት ወርዳ ክብደቷ ካረፈ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ነበረብኝ።

ሉባባ፦ አላጠበቁትም?

ጋሽ ይመር፦ መፍቻውን ይዤ ጀምሬ ነበር። ብሎን ልኩ ላይ ሲደርስ ቅጭ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያቺን ሰምቼ ነው እጄን የማነሣው። ያን ለትም የሰማኋት መሰለኝ።

ሉባባ፦ ሐረጎ ላይ ተፈቶ ቢወጣ ኖሮስ?

ጋሽ ይመር፦ አልወጣም።

ሉባባ፦ ቢወጣ ኖሮ።

ጋሽ ይመር፦ መሪው አይታዘዝሽም ነበር። ይበቃሻል? መፍቻውን አቀብዪኝ፣ አሁኑኑ ላጥብቀው።

ሉባባ፦ አላቀብልም። ጎማው ከፈነዳ ወዲህ እዚህ የገባሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የሌላ የማንን የፊት እግር ፈተዋል?

ጋሽ ይመር፦ መፍቻውን ስጪኝ፣ ሉባባ።

ሉባባ፦ የማንን?

ጋሽ ይመር፦ የጠሃን። ተማሪ የሚያመላልሰውን። ትናንት ነው ጨርሼ የሰጠሁት። ዛሬ ማለዳ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እዚያ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር አለኝ፤ ጀምበሯ ከኋላው ሆና አፉ አልታይ አለኝ።

ሉባባ፦ ምን መለሱለት?

ጋሽ ይመር፦ ደህና ናት አልኩት። እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።

ሉባባ፦ አሁን እኮ ልጆቹ የሚለቀቁበት ሰዓት ነው።

ጋሽ ይመር፦ ስልክሽን አውጪና ደውዪለት፤ እኔ ብደውል የሚመልሰውን አልሰማም። አንድም ልጅ እንዳይጭን፣ ያለበት ይቁም፣ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ በይው። ማን አለ ካለሽም፣ ይመር ደንቁሯል፣ ንገሪው ያለኝም ራሱ ነው በይው።