ገብሱን በጉም ውስጥ ያካፈሉት መምህርት የትነበርሽ

ከወገራም ከከተማም መጥታችሁ በዚህ ደጀ ሰላም የቆማችሁ ወገኖች፣ ጥቂት ታገሡና የእኅታችንን የመምህርት የትነበርሽ ገብረ ኢየሱስን ነገር ስሙ። ብዙ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ ደፋር ነበሩ ሲላቸው ይሰማል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈሪ ነበሩ፤ ይህን ሸሽገን ብንቀብራቸው ግማሽ ሕይወታቸውን መደበቅ ይሆናል።

መምህርት የትነበርሽ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ኪዳን፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ወልደኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታየች ክንዱ በ1959 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ድጓ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ከቅጥር ውጭ የሚሰማ፣ ተማሪ ዜማ ሲስት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ የሚያደርጉ ሰው ስለነበሩ፣ እሳቸው በልጅነታቸው ያን ምት በሰሙ ቁጥር ጓዳ ገብተው ከእንስራው ኋላ ይሸሸጉ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲገቡም ፍርሃቱ ተከትሏቸው ገባ። ቤት ውስጥ ለቆሎ ተማሪዎቹ ዳቦ ሲቆርሱ ለማንም ሳያበላልጡ የሚያዳርሱት ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆሙ ጠመኔው ከእጃቸው ይወድቃል፣ ምላሳቸው ይታሰራል። አንድ ቀን ስምንት ለሁለት ሲካፈል ስንት እንደሚሆን ተጠይቀው ዝም በማለታቸው ከክፍሉ ፊት ተንበርክከው ዋሉ። መልሱን ያውቁት ነበር።

እንደምንም ትምህርታቸውን ጨርሰው በመምህርነት ሠለጠኑና ኮሶዬ አካባቢ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደቡ። በዚያው ሰሞን አናጢውን አቶ ሙሉቀንን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አግብተው ዝማሬን፣ ምስጢርንና መዝሙርን ወለዱ።

ከሥራቸው ሁሉ የሚነሣው ልጆችን የሚመዝኑበት መንገድ ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር፣ ልጅ ወደሚገባው ክፍል ከመመደቡ በፊት፣ አንድ በአንድ ይጠሩና ማዳበሪያ ያነጥፉለታል። እማዳበሪያው ላይ ባቄላ፣ በክር የታሰረ ጭራሮ፣ ቋጠሮ ያለበት ገመድ፣ ገብስ የሞላ ጣሳና ሲኒ፣ ባለቤታቸውም ከእንጨት ቁራጭ አለስልሰው የሠሩላቸው የሚደረደሩ ትናንሽ ጠርቦች ይቀመጣሉ። ልጁ ጭራሮውን እየፈታ እንዲቆጥር፣ በገመዱ የክፍሉን ወለል እንዲለካ፣ ገብሱን በሲኒ እየሰፈረ እንዲያካፍል ይታዘዛል። አፉ በፍርሃት ቢያዝ እጁ ይመልስልኛል ብለው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ልጅ አያቆሙም ነበር።

ነገር ግን እሳቸው የከተማ፣ የካህን ቤት ልጅ ናቸው፤ እህል ተሰፍሮ ከገበያ ሲመጣ እንጂ ከአውድማ ሲነሣ አይተው አያውቁም። ከዚህ የተነሣ በ1998 ዓ.ም. መስከረም አንድ ስሕተት ሠሩ።

አምሳል የምትባል፣ የአያ ሰውአገኝ ልጅ፣ ሦስተኛ ክፍል ለመግባት ተራዋ ደርሶ እማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች። ገብሱን ለሦስት ቤት እኩል አዳርሺ ተባለች። ልጅት ሁለት ሲኒ ሰፍራ ወደ ዳር ለየችና የተረፈውን ለሦስት አካፈለችው። እንዲህ አይደለም፣ ገብሱን ሁሉ ነው፣ ብለው ደገሙላት። ደግማም ያንኑ አደረገች። መምህር በተናገረበት ልጅ አይናገርምና ምክንያቷን አላስረዳችም። እሳቸውም ማካፈል አልገባትም ብለው ከአንደኛ ክፍል፣ ከታናሽ እኅቷ አጠገብ አስቀመጧት። ልጆቹ ድርሻሽን ልትደብቂ ስትይ ተያዝሽ እያሉ ሳቁባት።

ከዕረፍት ሲመለሱ ቦታዋ ባዶ ነበር።

የዚያን ቀን ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ አፋፉን ሸፍኖታል፤ ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም። መምህርት የትነበርሽ ትምህርቱን በትነው ወደ ገብሱ ማሳ ሮጡ። አያ ሰውአገኝም የልጃቸውን መጥፋት ሰምተው የቆዳ ጠፍር ተሸክመው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ደረሱ። መምህርት የትነበርሽ ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ ሥር በጮኸ ቁጥር የልጅ ጩኸት እየመሰላቸው፣ በየእርምጃው ጥልቁ ከእግራቸው ሥር የሚከፈት እየመሰላቸው፣ ድንጋይ እየዳሰሱ ሄዱ። ልጆች ሰብሉን ከጭላዳ ከሚጠብቁበት አፋፍ ሲደርሱ እጃቸው ለስላሳ ነገር ነካ። አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ነበር። ወደ ጉሙ ስሟን ተጣሩ።

ያኔ ከታች ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ልጅት ወርዳ ለመደበቅ ስትሞክር ተንሸራታ ከአንዲት እርከን ላይ ቀርታለች፤ ግን በየት በኩል እንደሆነች አይታይም። አያ ሰውአገኝ ጠፍሩን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ጎረቤቶቻቸው ጫፉን ያዙ። ከመውረዳቸው በፊት፣ «ያናግሯት፤ ዝም እንዳትል። በድምጿ ነው የምደርስባት» አሏቸው።

መምህርት የትነበርሽ አፋፉ ላይ በደረታቸው ተኙ። ምላሳቸው እንደ ልጅነታቸው ታሰረ። ምን ይበሉ? የመጣላቸው ያው ገብስ ነው።

«አምሳልዬ፣ ቅድም ለብቻ የለየሽው ገብስ ለማን ነበር ልጄ?»

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ፣ «ለዘር ነዋ እትዬ። ምነው፣ ዘር ሳይነሣ ይካፈላል እንዴ?» አለች።

እሳቸው የሆኑትን መሆን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። ግን ማልቀሻ ጊዜ አልነበረም፤ መጠየቅ ቀጠሉ። ዘሩ ከተነሣ በኋላ አራተኛ ቤት ቢመጣስ? ሲኒው በግማሽ ቢያንስስ? ጠፍሩ እየተለቀቀ ይወርዳል፤ ልጅት ትመልሳለች፤ አንዱንም አልሳተችም። ድንገት በአንዱ ጥያቄ መካከል መልሱ ቀረ። ጠሯት፤ ዝም። ደግመው ጠሯት፤ ዝም። በዚያች ቅጽበት ነፍሳቸው እንደወጣች ኋላ ይናገሩ ነበር። ጠፍሩ ከታች ሲነቀነቅ ነው ነገሩ የተገለጠው፦ አባቷ ደርሰው ደረታቸው ላይ ስለለጠፏት ነበር ድምጿ የጠፋው።

በማግስቱ አምሳል ሦስተኛ ክፍል ገባች። መምህርት የትነበርሽም ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ባቄላውን እንዴትም አድርጎ ቢደረድረው፣ ምነው እንዲህ አደረግህ፣ ምነው እንዲህ አደረግሽ ብለው ሳይጠይቁ ተሳሳተ አላሉም፤ አብረዋቸው የሠሩ መምህራን ሁሉ ይህን ከእሳቸው ወስደዋል። ወደ አፋፉ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተጠጉም፤ ጉም በወረደ ቁጥር ልጆቹን በስም እየጠሩ ሳያረጋግጡ አይቀመጡም ነበር።

በቅርቡ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ትምህርት ቤቱም ባዶ በዋለበት ጊዜ፣ ከጊዜው ቀድመው ጡረታ ወጥተው ሳሉ፣ የሰፈሩን ልጆች በዚህ ደጀ ሰላም ሰብስበው ማን ምን እንደረሳ በዚያው ማዳበሪያ ይመዝኑ ነበር። ተኩስ ሲሰማ ከልጆቹ ይልቅ የሚንቀጠቀጠው የእሳቸው እጅ ነው። ባቄላው ይበተናል፤ እንልቀመው ይላሉ፤ ልጆቹም እየለቀሙ ይቆጥራሉ። እንዲህ እየፈሩ ነው ያስተማሩት።

ካቻምና የጀመራቸው የልብ ሕመም ዘንድሮ ጸናባቸው። በሀኪም ቢረዱም አልሻል ስላላቸው ከቤታቸው ተኙ። መሞትን በጣም ፈሩ፤ ካህኑ የንስሐ አባታቸው ሲያጽናኗቸውም አልሸሸጉም። ዝም አትበሉብኝ ይሉ ነበር።

ትናንት ቅዳሜ ረፋድ አምሳል፣ ዛሬ ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት የልጆች እናት፣ መታመማቸውን ሰምታ መጣች። እጃቸውን ይዛ ገብሱን ትጠይቃቸው ጀመር። ለሦስት ቤት? ለአራት ቤት? እሳቸውም ትንፋሻቸው እያጠረ ይመልሱላት ነበር። በመጨረሻ፣ «ለዘሩስ አንሥተዋል እትዬ?» አለቻቸው።

«አንሥቻለሁ» አሉ።

ሌላ ጠየቀቻቸው። መልስ አልመጣም።

መምህርት የትነበርሽ የአቶ ሙሉቀን የትዳር አጋር፣ የዝማሬ፣ የምስጢርና የመዝሙር እናት፣ የልጅ ልጆችም አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ መልካሙና አምሳልም፣ እጃቸውን አይተውላቸው ያሳደጓቸው የወገራ ልጆችም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ቆመው ያለቅሳሉ።

ያን ቀን ገደሉ ላይ መልሱ ሲቀር እዚያ የነበሩ ሁሉ ወደቀች ብለው ነበር፤ አባቷ አቅፈዋት ነው እንጂ። የእኅታችንን የወለተ ኪዳንን ዝምታም አምላካችን እንዲሁ ያድርገው፤ ፈርታ የኖረች ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።