ሲስተሙስ አለ

ሾላ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ ከእታገኝ ጋር ተገጣጠምን። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች የምትኖር የድሮ ተማሪዬ እናት ናት። ፊቷ አመድ መስሎ ሳየው ደነገጥኩ።

"ሐኪሜ ዶክተር ሀሴት አዲሱን የደረት ራጅ ከአምናው ጋር ሳላስተያይ ምንም አልልም አለችኝ። ራጅ ቤቱ ደግሞ የአምናውን ስጠይቅ ዛሬም 'ሲስተም የለም' ብሎ መለሰኝ። ሰለቸኝ መምህር፣ ልተወው ነው" አለችኝ።

እኔ ንዴት ቶሎ ይይዘኛል። እየጎተትኩ ወደ ራጅ ቤቱ መለስኳት።

ባለቤቱ አቶ ገመዳ በዕድሜ የገፉ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ብድግ ብለው ተቀበሉን። "ምን ላድርግ መምህር? ሲስተም እንደ ዝናብ ነው፤ በፈቀደው ቀን ይመጣል" አሉ።

በቅርቡ የተቀጠረው የኮምፒውተር ባለሙያ ጠሀ ቀና አለ። "ጋሼ ገመዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሲስተሙስ አለ። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ራጆቹን ያስቀመጥንበት ክላውድ፣ ማለት በኢንተርኔት ያለው ማስቀመጫችንም አድራሻው ይገኛል። ግን 445 የሚባለው በር ላይ ስደርስ መልስ የለም። አሁን በስልኬ ኔትወርክ ስሞክረው አለፈ።"

"የምን በር?"

"እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ ቁጥር ያለው በር አለው። ድረ ገጽ በአንዱ ይሄዳል፣ የእኛ ፋይሎች በሌላው። ለዚህ ነው ዩቲዩብ እየተከፈተ ራጁ እምቢ የሚለው። የዘጋው አዲሱ ፋየርዎላችን፣ የኔትወርኩ ዘበኛ ነው።"

አቶ ገመዳ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሌባ እንዳይገባ ከድረ ገጹ በቀር በር የሚባል ሁሉ ይዘጋ ብዬ።"

ሰውዬው በገዛ እጃቸው የዘጉትን በዝናብ ሲያሳብቡ ከርመዋል።

"በል እንግዲያው ሁሉንም ክፈተው" አሉት።

አሁን ደግሞ ጠሀ ደነገጠ። "እሱማ አይሆንም። ሌባ መፍራትዎ ልክ ነው። ይህችን አንዷን ብቻ፣ ከእኛ ወደ ማስቀመጫችን አድራሻ ለሚወጣው እንክፈት። ከውጭ ለሚመጣ ዝግ ትሁን።"

"ነገስ ሌላ ቢያስቸግር? ሁልጊዜ ስንፈትሽ ልንውል ነው? ሲስተም የለም ማለት ይቀላል እኮ ልጄ።"

"ለእኛ ይቀላል ጋሼ። ኢንተርኔቱን፣ አድራሻውን፣ ከዚያ በሩን መሞከር ግን ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል። እኚህ እናት ስንቴ ተመለሱ?"

ሽማግሌው እታገኝን አዩዋት፤ አንገታቸውን ደፉ። "ክፈታት" አሉ።

የአምናው ራጅ መጣ። ከጎን ካለው ክሊኒክ የተጠራችው ዶክተር ሀሴት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ የእታገኝ ሳንባ ላይ ያለችውን ጥላ በጣቷ አሳየችን። "ይህች ጥላ አምና ምስር ታህል ነበር። አድጋለች። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ አሁንም ይደረስበታል" አለች።

አቶ ገመዳ ሠራተኞቻቸውን ጠሩ። "ከእንግዲህ በዚህ ቤት 'ሲስተም የለም' የሚል ቃል አልስማ። የተዘጋው የቱ ነው ብላችሁ ፈትሹ። ያን ጊዜ ታማሚ በከንቱ አይንከራተትም፣ ሐኪምም በግምት አይፈርድም፣ እኛም በማናውቀው ነገር አናመካኝም።"

እታገኝ ነጠላዋን ሰበሰበች። "አባባ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ቢከፈት ኖሮስ?"

"ያኔ ይቀል ነበር ልጄ" አሉ። ኮታቸውን ደረቡና ሆስፒታል ሊወስዷት አብረዋት ወጡ።